ቧንቧው የሚከፈተው እርስዎ ሲመጡ ነው

ይድረስ ለክቡር አቶ መስፍን፣
የድርጅታችን የሐርጌሳ ቢሮ ሥራ አስኪያጅ፣
ጅግጅጋ ያር ሰፈር፣ ሐርጌሳ

እርስዎን ነው፣ አቶ መስፍን። ዞር ብለው ከኋላዎ ማን እንዳለ አይፈልጉ፤ ከኋላዎ ያለው ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ላይም «ግልጽነት፣ መደማመጥ፣ መከባበር» የሚለው አዲሱ ፖስተራችን ተሰቅሏል፤ ለፖስተር ደግሞ ደብዳቤ አይጻፍም።

ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? እርስዎም፣ አዲስ አበባ ያሉት ልጆችዎም፣ እናታቸውም ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ። ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎት? ስለ ወገብዎ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ኮረኮንች ላይ ያንገጫገጭኩዎት እኔ ስለሆንኩ በሕመሙ ውስጥ ድርሻ አለኝ፤ ድርሻዬ ምን ያህል እንደሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከእሴቶቻችን ጎን ለጥፌዋለሁ፣ ሐርጌሳ ያለን አማርኛ አንባቢዎች በምንገናኝበት የዋትስአፕ ግሩፕም ላይ ለቅቄዋለሁ። ስለዚህ ሌላው አንባቢ እንዳይደናገር ራሴን ላስተዋውቅ። ባሬ እባላለሁ፤ ለሼክ ኑር ሰፈር ተፈናቃዮች ውሃ የሚያቀርበው ድርጅታችን ሹፌር ነኝ። ሐርጌሳ በተደበደበችበት ጦርነት ጊዜ ቤተሰቦቼ አዝለውኝ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ፣ ጅግጅጋ አደግኩ፣ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆመ። የቀረውን የተማርኩት መሪ ጨብጬ ነው። አማካሪዎችን ከኤርፖርት ስቀበልና ስሸኝ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ረስተውት የሚሄዱትን መጽሐፍ ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤዋለሁ። ስለ አመራር አምስት፣ ስለ ለውጥ ሦስት፣ ስለ ድርጅት ባህል ሁለት። ከሁለቱ አንዱ መሀሉ ላይ የሳምቡሳ ዘይት ፈሶበት ስለነበር ምዕራፍ አራትን አላወቅኩትም፤ ከዚህ በታች ስሕተት ካገኙብኝ ከዚያ ምዕራፍ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ወርክሾፑ። ባለፈው ወር ሃያ ሦስታችንንም ከሥራ አስቀርተው ስለ ድርጅት ባህል እንድንማር ሦስት ቀን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስላስቀመጡን ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበሩ ለስላሳ፣ ሻዩ ትኩስ ነበር። ከአዲስ አበባ የጋበዟቸው አማካሪ ወይዘሪት ሔመን ትልቅ ወረቀት ላይ ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ሳሉልን። ከውሃው በላይ የሚታየው ጫፍ የድርጅቱ መሪ ቃልና ደንብ ነው፣ ከውሃው በታች የተደበቀው ግዙፉ ክፍል ደግሞ ሰዎቹ በእውነት የሚያምኑትና የሚያደርጉት ነው አሉ። ዋላሂ ልክ ናቸው። ችግሩ እኛ እዚህ ከተማ ያየነው ትልቁ በረዶ ከበርበራ ዓሣ ጋር ተጭኖ የሚመጣው መሆኑ ነው። እንደ አጎት ቆጥረን አደር ሳማታር የምንለው የቦኖ ዘበኛችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ሁሉ በረዶ ካላቸው ለምን አቅልጠን ሼክ ኑር አንወስደውም?» አለኝ። ሳቅኩበት። አሁን ሳስበው ግን በሦስቱ ቀን ከተነገረው ሁሉ ስለ ሥራችን የተነገረው እሱ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለእያንዳንዳችን ቢጫ ወረቀት ታደለን። እርስዎ ራስዎ ተነስተው፣ «ስም አትጻፉ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ፣ አትፍሩ» አሉ። ቀጥለውም «የሚፈራ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም እጁን አላወጣም። እርስዎም ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ወስደው ፈገግ አሉ። አቶ መስፍን፣ የሚፈራ ሰው እጁን የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ድሮውንም አይፈራም ነበር።

በሶማሊኛ የተጻፉት ሃያ አንድ ወረቀቶች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው እንዲነበቡ ለአስተዳደር ኃላፊያችን ለዓብዲፈታሕ ተሰጡ። ዓብዲፈታሕ ክፉ ሰው አይደለም፣ ውሸታምም አይደለም፤ ዝም ብሎ ያለዝባል። በእሱ እጅ ሲያልፍ በርበሬ ስኳር ይሆናል። አንዱን ወረቀት ገልጦ «አስተዳደሩ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ቀጣዩን ገለጠ፣ «አስተዳደሩ በጣም ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። እንዲህ እያለ ሃያ አንዱን ጨረሰ። ሃያ አንድ ሰው አንድ ሐሳብ ሲኖረው ወይ ተአምር ወርዷል፣ ወይ ተርጓሚው አንድ ነው። እርስዎ ግን ጭብጨባ መሩ፤ ስለ ጭብጨባውም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ብልሃትዎ። ከሃያ ሦስቱ ወረቀት የቀሩት ሁለቱ በአማርኛ ነበሩ። በዚህ ቢሮ አማርኛ የምንጽፈው ደግሞ ሦስት ሰዎች ነን፦ እርስዎ፣ እኔና ኢፍራህ። እርስዎ ለራስዎ አይጽፉም። የኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ከመኪናው መዝገብ ያውቁታል። እንግዲህ ስም አይጻፍበት የተባለው ወረቀት ኢፍራህ ከነአባቷ ስም የፈረመችበት ያህል ሆነ፣ መርማሪ ፖሊስም አላስፈለገም።

ኢፍራህ የሼክ ኑር ቦኖ አስተባባሪያችን ናት። እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። ሐረር ስለተማረች አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፣ ይሄንንም ሳትሸሽግ ትነግረኛለች። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛዋ እናት ጀሪካን ማንሳት እንደማትችል፣ ከማን ቀጥሎ ማን እንደተሰለፈ በቃሏ ታውቃለች። በአማርኛ የጻፈችው ለመደበቅ አልነበረም። ቃሏ በዓብዲፈታሕ በኩል ሳይለዝብ እርስዎ ጋ እንዲደርስ ብላ ነው። እኛ በተርጓሚው ተከልለን ስንቀመጥ እሷ በቀጥታ ለእርስዎ ጻፈች። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከዚህ ቢሮ ሠራተኞች ያለ አስተርጓሚ የደረሰዎት የመጀመሪያው ወሬ እሱ ነው።

የጻፈችውን መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ስላነበቡት እኔም አውቀዋለሁ። «አቶ መስፍን፣ ቧንቧው የሚከፈተው እርስዎ ሲመጡ ነው። አንድ ቀን ለማንም ሳይነግሩ ጎህ ሲቀድ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ ብቅ ይበሉ።» ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፣ ክስ የለበትም፤ ግብዣ ነው። እርስዎም በመስታወቱ አዩኝና «ይሄ የኢፍራህ ጽሑፍ አይደል?» አሉኝ። እኔም ጀግናው «እንጃ» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፈጅር በኋላ ብቅ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በአሥረኛው ቀን ብቅ ያለው ደብዳቤ ሆነ። ዓብዲፈታሕ አርቅቆት፣ እርስዎ ፈርመውበት፣ ከሚመጣው ሐሙስ በኋላ የኢፍራህ ውል አይታደስም ይላል። ምክንያቱም «ከድርጅቱ ባህል ጋር አለመጣጣም» ነው። ስለ አገላለጹ ትክክለኛነት ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ከድርጅቱ ባህል ጋር የማትጣጣም ብቸኛዋ ሠራተኛችን እሷ መሆኗን ለማወቅ የሦስት ቀን ወርክሾፕ አላስፈለገም ነበር፤ እኔን ቢጠይቁኝ ከኤርፖርት እስከ ቢሮ ባለው መንገድ እነግርዎት ነበር። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው የሚባለው። ኢፍራህ ግን እውነት ተናግራ በጠራራ ፀሐይ መሸባት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቁልፉ። ይሄኛው ረዘም ይላል፣ ይቀመጡ።

መጽሐፎቹ የድርጅት ባህል ከየት ይመጣል ብለው ብዙ ገጽ ይጽፋሉ። ከመሥራቹ፣ ከደንቡ፣ ከአካባቢው፣ ከምልመላው ይላሉ። ይሁን። የእኛ ግን የመጣው ከአንድ ጠዋት ነው፣ ጠዋቱንም እኔ አስታውሰዋለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ እርስዎ በመጡ በመጀመሪያው ወር፣ የቦኖው ቁልፍ የሚያድረው አደር ሳማታር ኪስ ውስጥ ነበር። ቦቴው ማታ ሮቶውን ሞልቶ ይሄዳል፣ ሽማግሌው ከፈጅር ሶላት ሲወጣ ይከፍታል፣ ሴቶቹ ፀሐይ ሳይከርርባቸው ቀድተው ይበተናሉ። አንድ ቀን የሮቶው የጎማ ቱቦ ተፈትቶ ግማሹን ውሃ አሸዋው ጠጣው። እርስዎ ደረሱ፣ ተናደዱ፤ ውሃ ነውና ማንም ይናደዳል። በሁላችን ፊት በእንግሊዝኛ «ከእንግዲህ መጀመሪያ ጠይቅ» አሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓብዲፈታሕ ሲተረጉመው ግን የጁምዓ ስብከት፣ የኹጥባውን እኩሌታ ፈጀ፤ የሽማግሌውን ዕድሜ፣ የአባቱን ስምና ነገ የሚያጣውን እንጀራ ሁሉ ጨመረበት። ለካ ሰውየው ማለዘብ ብቻ ሳይሆን ማክረርም ይችላል፤ የሚለየው አቅጣጫው ነው። ወደ እርስዎ ሲወጣ ስኳር፣ ወደ እኛ ሲወርድ በርበሬ።

እርስዎ በማግስቱ ረሱት። ለእርስዎ አንድ የተበላሸ ጠዋት ነበር፣ ለእኛ ሕገ መንግሥት ሆነ። ሠራተኛ ግድግዳ አያነብም፣ አቶ መስፍን፤ ያን ቀን ያነበብነው የሳማታርን ፊት ነው፣ እስከ ዛሬም እሱኑ እያነበብን ነው። በዚያው ሳምንት ቁልፉ ጅግጅጋ ያር ወዳለው ቢሯችን መጥቶ ዓብዲፈታሕ መሳቢያ ውስጥ ገባ። «የቁልፍ መውጫ ቅጽ» የሚባል ወረቀት ተወለደ። ወረቀቱ ሦስት ፊርማ አበቀለ፤ ሦስተኛው የእርስዎ ነው። እርስዎ ቢሮ የሚገቡት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቁልፉ ሼክ ኑር የሚደርሰው አራት ተኩል ነው። ሴቶቹ ግን ከፈጅር ጀምረው እዚያው ናቸው። ጀሪካኖቹ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኖባቸው በሰልፍ ይቆማሉ። ጀሪካኑ ቁልፉን ይጠብቃል፣ ቁልፉ ፊርማውን ይጠብቃል፣ ፊርማው ቁርስዎን ይጠብቃል።

ይህን ማንም አላዘዘም። ደንባችን ላይ ፈልጌ አጣሁት። ማንንም ቢጠይቁ «እንዲህ ነው የሚሠራው» ይልዎታል። አዲስ የተቀጠረችው ጸሐፊያችን ፊልሳን በአራተኛ ቀኗ ስቴፕለር ከጠረጴዛ ላይ ለማንሳት ማን እንደሚፈርምላት ጠየቀችኝ። ማንም አላስተማራትም፤ ከአየሩ ቀዳችው። ወይዘሪት ሔመን ከውሃው በታች ያሉት እንግዲህ ይሄ ነው፤ የእኛ ግን ከውሃ በታች ሳይሆን ውሃው ላይ ተቀምጦበታል።

አራተኛ። ይሄኛው ክስ በእኔ ላይ ነው፣ ስለዚህ ለማንበብ ይጣፍጥዎታል።

እርስዎ ሼክ ኑርን ሊጎበኙ በሚነሱበት ቀን፣ ጫማዎን ሲያስሩ እኔ ወጣ ብዬ ለዓብዲፈታሕ እደውላለሁ። «ሰውየው ወጥቷል» እላለሁ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ቁልፉ ያለ ምንም ፊርማ በባጃጅ ይበርራል። እንደሚያዩት፣ በቸገረ ጊዜ ቅጹ አያስፈልግም። እርስዎ ሲደርሱ ቧንቧው ይፈስሳል፣ ሴቶቹ በሥርዓት ይቀዳሉ፣ እርስዎም ማሻላህ ብለው ፎቶ ያነሳሉ። ባጃጁ እንዲቀድመን ደግሞ እኔ በኮድቡር ሰፈር በኩል አዞራለሁ። አዎ፣ አቶ መስፍን፣ አራት ዓመት ሙሉ «አቋራጭ ነው» እያልኩ የወሰድኩዎት መንገድ አቋራጭ አይደለም። በቀጥታ ብንሄድ ሃያ ደቂቃ ቀድመን በደረስን፣ ወገብዎም ወገብ በሆነ ነበር። በየሪፖርቱ «ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ አስቸጋሪነት» እያሉ የሚጽፉት ችግር የኔ የእጅ ሥራ ነው።

ለምን ቢሉኝ፣ የመጀመሪያ ጊዜ የደወልኩት ሳማታርን ዳግመኛ እንዳይቆጡት ብዬ ነው፤ በደግነት። ሁለተኛ ጊዜ ልማድ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ሥራዬ ሆነ። አራተኛ ጊዜ ባልደውል ኖሮ ሰው «ባሬ ምን ነካው» ይለኝ ነበር። ምዕራፍ አራት ምን እንደሚል ባላውቅም፣ ባህል የሚሠራው እንዲህ ይመስለኛል። አንድ ደግ ሰው ሌላውን ለማዳን ትንሽ ውሸት ያስቀምጣል፣ የመጣው ሁሉ ላዩ ላይ እየተቀመጠበት ወንበር ይሆናል።

በአማርኛ የተጻፈው ሁለተኛው ቢጫ ወረቀትም የኔ ነበር። «ሁሉም ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የሚለው። እኔን ዓብዲፈታሕ አልተረጎመኝም፤ ራሴን አለዘብኩ። ከወረቀቱ በኋላም ምን ሆንኩ? ምንም። እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ ባለፈው ዓመት፣ «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ» ተብዬ ከእጅዎ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። «ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚያደርስ» ይላል። የዋሸውን ሸልመው የጋበዘችዎትን ሲያሰናብቱ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት ፖስተር ቢሰቅሉ ሠራተኛው ምኑን ያምናል? ፊልሳን ዛሬ ከኢፍራህ ደብዳቤ የምትማረው ከሔመን ሦስት ቀን ይበልጣል።

አምስተኛ ምስጋና ነበረኝ፣ ስለ መኪናው ጎማ፤ ይቅር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፣ ይሄኛው ሽሙጥ የለበትም። የሳማታር ባለቤት በታመመች ጊዜ እኔ ስልክ ባላነሳሁ ቀን ራስዎ መኪናውን ነድተው ሆስፒታል አድርሰዋታል፣ ዶክተሩ እስኪመጣም ኮሪደር ላይ ቆመው ጠብቀዋል። ሽማግሌው እስካሁን ያወራዋል፤ ያወራዋል እንጂ ለእርስዎ ነግሮዎት አያውቅም፣ መጀመሪያ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ስላላወቀ። እንደዚያ ያለ ሰው መሆንዎን ባላውቅ ይህን ወረቀት አላበላሽም ነበር። ለክፉ አለቃ ደብዳቤ አይጻፍለትም፤ ዝም ይባላል፣ ዝም ደግሞ አይነቅዝም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የሚመጣው ሐሙስ የኢፍራህ የመጨረሻ ቀን ነው። በዚያ ጠዋት፣ ከፈጅር በኋላ፣ ሼክ ኑር ይምጡ። እኔ አልደውልም፤ ስልኬን ለኢፍራህ ሰጥቻት አድራለሁ። ጀሪካኖቹ ፊት ቆመው አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱ። ተናገሩ ብለው ከጠየቋቸው ሃያ ሦስት ሰዎች መሀል የተናገረችው አንዷ ለምንድን ነው የምትሄደው? መልስዎን ወደ ሶማሊኛ ኢፍራህ ትተርጉመው። ስለ ራሷ መሰናበት ቢሆንም ቃል እንደማትጨምር፣ ቃል እንደማትቀንስም እኔ ዋስ ነኝ።

ወገብዎንም ስምዎንም ከጉድጓድ ለማዳን ከእንግዲህ የሚተጋ፣ እስካሁን ግን ወደ ጉድጓዱ ሲነዳዎት የኖረ፣ «ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚያደርስ» የሚለው የምስክር ወረቀት ያሳፈረው ታዛዥዎ፣
ባሬ፣ ሹፌር
ሐርጌሳ

ማስታወሻ፦ ይህን በእጄ ጽፌ ስሜን ከታች ያኖርኩት፣ ከመኪናው መዝገብ ጋር ለማመሳከር እንዳይደክሙ ብዬ ነው። ዓብዲፈታሕ ሰሌዳው ላይ ሲያየው ምን እንደሚል ይጠይቃችኋል፣ የዋትስአፕ ግሩፑ ወገኖቼ፤ «አስተዳደሩ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ይላል» ብላችሁ ተርጉሙለት፣ ቋንቋው ይገባዋል። እኔም ከባህሉ ጋር አልተጣጣምኩም ተብዬ ሐሙስ መኪናው ሹፌር ካጣ፣ አቶ መስፍን፣ ባጃጅ ይያዙ። ባጃጁ በኮድቡር ልውሰድዎት ካለ የኔ ዘመድ ነው፣ ይውረዱ። ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥተው በራስዎ ኪስ ይዘው ይምጡ፤ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ ሴቶቹ እየቀዱ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ እዚያው ጮክ ብለው ይመልሱልን።